ለእድሩስ ማን ይድረስለት?

ገና ጎሕ ሳይቀድ የእድር ጥሩምባ በመንደር ውስጥ ሲነፋ የሰማ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ጥሩምባ ነፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ሥርዐተ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ደብር እየጠራ ያልፋል። ጥቂት ሰዓት ሳይቈይ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ጎላው ይጣዳል። ኀዘንተኛው በዚያ ቀን ስለ ድንኳን ኪራይ፣ ስለ ንፍሮና ስለ ቡና አያስብም፤ ጎረቤቱ አስቀድሞ አስቦለታልና። ለእርሱ የተተወለት ነገር ቢኖር ሟቹን ማልቀስ ብቻ ነው።

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተዘረጋችው በጉለሌ ይህ ሥርዐት ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ይልቅ ለሕዝቡ የቀረበ ነው። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ፣ የአዲሱ ገበያው ነጋዴ፣ ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው እናት፣ በጡረታ የሚኖረው የቀድሞ ወታደር፣ ሁሉም ስማቸው በአንድ መዝገብ ተጽፎ በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። በኑሮ የሚለያዩትን ሰዎች ሞት አንድ ያደርጋቸዋል፤ እድርም ይህን አንድነት በደንብና በሥርዐት ይዞ የሚኖር ማኅበር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እድር ለአባሉ ይደርሳል። አደጋው በእድሩ በራሱ ላይ ቢወድቅስ? ንብረቱ ቢቃጠል፣ ገንዘቡ ቢሰረቅ፣ ድንኳን ሲተክል የነበረ ወጣት ወድቆ ቢሰበር፣ ለእድሩ የሚደርስለት ማን ነው? ይህ ጥያቄ እድርን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የጽዋ ማኅበሩን፣ ሰንበቴውን፣ አረጋውያንን የሚጦረውን ቤትና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት የሚያሳድገውን በጎ አድራጎት ማኅበር ሁሉ ይመለከታል።

እድር የመድን ወንድም ነው

መድን፣ በተለምዶም ኢንሹራንስ የምንለው ነገር፣ ለብዙ ሰው የባለመኪናና የባለፎቅ ጉዳይ ሆኖ ይታየዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በቁጥር 654 እንደሚያስረዳው፣ የመድን ውል ማለት አንዱ ወገን አረቦን የሚባለውን ክፍያ ተቀብሎ፣ በውሉ የተመለከተው አደጋ በደረሰ ጊዜ ለሌላው ወገን ገንዘብ ለመክፈል ግዴታ የሚገባበት ስምምነት ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በወጣ ጊዜም ስለ መድን የሚናገረው ክፍል አልተሻረም።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ እድርን በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ፈልገው። ወርኀዊው መዋጮ አረቦን ነው፤ ሞት በውሉ የተመለከተው አደጋ ነው፤ ድንኳኑና የቀብሩ ገንዘብ ክፍያው ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡም ውሉ ነው። ልዩነቱ እድርተኛው በአንድ ጊዜ መድን ሰጪም መድን ገቢም መሆኑ ነው። ሌላም የማይናቅ ልዩነት አለ፤ ኩባንያ ገንዘብ ይሰጣል፣ እድር ግን ከገንዘቡ ጋር ሰው ይሰጣል።

እንዲህ ያለው ማኅበር በእኛ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። በጣልያን አገር ከሮም ከተማ ብዙ ሳትርቅ ላኑቪየም በምትባል ጥንታዊት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ136 በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የአንድ የቀብር ማኅበር ደንብ ተገኝቷል። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው 100 ሴስተርስ የሚባል ገንዘብና አንድ እንስራ መልካም የወይን ጠጅ ያስገባል፤ በየወሩም 5 አስ የሚባል ሳንቲም ያዋጣል፤ በሞተ ጊዜ 300 ሴስተርስ ይወጣለታል፤ ከዚህም ውስጥ 50ው ሬሳውን ለሚሸኙት ይከፋፈላል። ባሮችም ሳይቀሩ አባል ይሆኑ ነበር። ይህን ደንብ ያነበበ የጉለሌ እድርተኛ የራሱን ደንብ ያነበበ ሳይመስለው አይቀርም።

የእኛ እድር በአሁኑ መልኩ የተስፋፋው በሃያኛው ምዕተ ዓመት በአዲስ አበባ ነው። ከየአውራጃው የመጣ ሰው ዘመዱን በሩቅ ትቶ በከተማ ሲሰፍር፣ ሬሳውን የሚያነሣለት ወገን አስፈለገው፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ። ከጣልያን ወረራ ዘመን ወዲህም የእድሩ ቍጥር እየበዛ ሄደ። ስቴፋን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ማኅበራት የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የታወቀ መዋጮ ያላቸው መሆናቸውን፣ ከቀብርም አልፈው ብድርና ሌላ ርዳታ የሚሰጡ መኖራቸውን አሳይተዋል። በአዲስ አበባም የኤድስ በሽታ ብዙ ቤት በዘጋበት ዘመን፣ አያሌ እድሮች ሙት ከመቅበር አልፈው ሕሙማንን ወደ መጠየቅና ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ወደ መርዳት ተሻግረዋል። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በደረሱበት ከተማ እድር ማቋቋማቸው የሥርዐቱን ጽናት ይመሰክራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ እድር የሞትን አደጋ በአባላቱ ሁሉ ትከሻ ላይ ከፋፍሎ ለመሸከም የሚችል መሆኑን ነው። ሞት በአንድ ወር የሚያንኳኳው በአንድ ወይም በሁለት ቤት ነው፤ የቀሩት ቤቶች ያዋጣሉ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቢቃጠል ግን ጉዳቱ በአንድ ሌሊት በአባላቱ ሁሉ ላይ ይወድቃል፤ ያልተጎዳና የሚያዋጣ ሌላ ቤት አይኖርም። የእድር ጥበብ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

በመንደራችን የሆነው

ይህን የምጽፈው ከመጻሕፍት አንብቤ ብቻ አይደለም። እኔም በጉለሌ እድርተኛ ነኝ፤ መምህር በመሆኔም ለብዙ ዓመታት የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። የእድሩን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የሆነው ነገር በማንኛውም እድር ሊሆን ይችላልና።

ከአባሎቻችን አንዱ በባንክ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በአንድ የእሑድ ስብሰባ ተነሥተው፣ «የዕቃ ቤታችን ንብረት ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ የእሳት መድን ብንገባለት መልካም ነው» ሲሉ አሳሰቡ። ከጉባኤው ግማሹ ሣቀ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ድንኳን ሊታመም ነው ወይ?» አለ። ሌላው፣ «እግዚአብሔር የጠበቀውን ማን ይነካዋል?» አለ። የእድሩ ዳኛም ሰዓቱ መሸ አሉ። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ብዬ ጻፍሁ። በሚቀጥለውም ስብሰባ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ሁለት ስብሰባዎች ይህንኑ ቃል ደገምሁት። ሐሳቡ የሚጠቅም መሆኑን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከጉባኤው ሣቅ ጋር ለመጋጨት ሰነፍሁ። በደሉን በሌላ ሰው ላይ እንዳልጥል የእጅ ጽሕፈቴ ምስክር ነበር።

በአንድ የመጋቢት ሌሊት ለሰልስት ምግብ የተበሰለበት ፍም በሚገባ ሳይጠፋ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቀርቶ ኖሮ፣ ነፋስ አነሣው። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነበር። ጎረቤት ሁሉ በባልዲና በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ወጣ፤ መንገዱ ጠባብ ስለ ነበር የእሳት አደጋ መኪናው ሩቅ ላይ ለመቆም ተገደደ። ሲነጋ ሁለቱ ድንኳኖች፣ አግዳሚዎቹ፣ ምንጣፎቹና ሳሕኖቹ አልነበሩም። ጎላዎቹ ብቻ ጠቍረው ቀርተው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ መዝገቡ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የተጻፈው የአባላት ስምና መዋጮ ከሣጥኑ ጋር ዐመድ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከአባሎቻችን መካከል ዐረፉ። ከጎረቤት እድር ድንኳን ተውሰን አስተከልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸውና ያለ አንዳች ክፍያ ሰጡን። የሟቹ ባለቤት አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ነገር ግን ባላቸው ለሠላሳ ዓመት ያዋጡበት ድንኳን እንዳልነበረ ሁላችንም አወቅን።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ተሰብስቦ እያንዳንዱ አባል በሦስት ወር ውስጥ 2000 ብር እንዲያዋጣ ወሰነ። ላለው ሰው ይህ የሚከብድ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከእንጦጦ እንጨት እያወረዱ አራት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ወደ ቤቴ መጡ። «የኔታ፣» አሉኝ፣ «ወር ወር ያለችውን አንድም ቀን አላስቀረሁም። ይህን ግን አልችለውም። የሰው ሸክም ሆኜ ከምቀመጥ ስሜን ከመዝገቡ ይፋቁልኝ።» እኔም፣ «ይታገሡ፣ ጉባኤው ያስብበታል» አልኋቸው። እርሳቸው ግን በሚቀጥለው ወር አልመጡም። ከእርሳቸው ጋር ሌሎች አምስት ሰዎች ቀሩ፤ ሁሉም ከእድሩ ድኾች ነበሩ።

አንባብያን ሆይ፣ የእሳቱ ዋና ጉዳት ይህ ነው። ድንኳን ይገዛል፤ ጎላም ይገዛል። አደጋው ያለ መድን ሲመጣ ግን ካሳውን የሚከፍለው ከሁሉ ይልቅ እድር የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ ይገኛል። ባለጠጋ እድር ባይኖረው ድንኳን ይከራያል፤ ያቺ እናት ግን ከእድር ከወጣች በሞቷ ቀን የሚሸኛት ማን እንደ ሆነ አታውቅም።

መድን መግባት እግዚአብሔርን መጠራጠር ነውን?

«እግዚአብሔር የጠበቀውን ማን ይነካዋል» የሚለው ቃል በእኛ ጉባኤ ብቻ የተሰማ ስላልሆነ መልስ ይገባዋል። የሚናገሩትም ቅን ሰዎች ናቸው።

ዮሴፍ የግብፅን ንጉሥ ሕልም በፈታ ጊዜ፣ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት በጸሎት ብቻ አሳልፉ አላለም። በየዓመቱ ከምርቱ አምስተኛውን እጅ ለክፉ ቀን እንዲያከማቹ መከረ እንጂ። ያ ጎተራ የእምነት ማነስ ምልክት ሆኖ አልተቈጠረበትም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ላይ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በዙሪያው መከታ ያደርግ ዘንድ ታዝዟል። ሕጉ «እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» ብሎ ባለቤቱን ከኀላፊነት አላወጣውም። በጉለሌ ቅዱስ ሩፋኤልን የምንዘክር ሰዎች ደግሞ መልአኩ የተላከበትን የጦቢትን ታሪክ እናውቃለን፤ ጦቢት የተመሰገነው ወድቆ የተገኘውን ሬሳ በራሱ ድካም አንሥቶ በመቅበሩ ነው። ሙት መቅበር ጽድቅ ከሆነ፣ ሙት የሚቀበርበትን መሣሪያ ሳይጠፋ መጠበቅም የዚያው ጽድቅ ክፍል ነው።

በሌላውም ዓለም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ከዚህ ሥራ አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ1666 በሎንዶን ከተማ የተነሣው ታላቅ እሳት ከ13000 በላይ ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን በላ፤ ብዙ ሳይቈይም የእሳት መድን ሰጪዎች በዚያች ከተማ ተቋቋሙ። በስኮትላንድ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የተባሉ ሁለት ካህናት፣ የሟች ካህናት ሚስቶችና ልጆች ለልመና እንዳይወጡ በማሰብ፣ በየዓመቱ ስንት ካህን እንደሚሞትና ስንት መበለት እንደሚተርፍ በሒሳብ አስልተው እ.ኤ.አ. በ1744 አንድ የርዳታ ገንዘብ አቋቋሙ። የዛሬው የሕይወት መድን ሒሳብ ከሥሩ ቢመረመር የእነዚህ ካህናት ሥራ ይገኝበታል። በእንግሊዝ አገርም አብያተ ክርስቲያናትን ከእሳት አደጋ ለመጠበቅ የታሰበ መድን ሰጪ እ.ኤ.አ. በ1887 ተቋቁሟል።

በአገራችንም መድን እንግዳ አይደለም። የአቢሲንያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. ገደማ የውጭ አገር መድን ሰጪ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጭነት መድን መሸጥ ጀመረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ መድን ሰጪ የኢትዮጵያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ ተቋቋመ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ተወረሱና በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተተካ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀደላቸው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746 ደግሞ የሥራውን ፈቃድና ቍጥጥር ለብሔራዊ ባንክ ሰጥቶ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሕዝብ የሚሆነውን አነስተኛ መድን በስሙ ጠቅሶታል።

የትኛው መድን ለየትኛው አደጋ

የበጎ አድራጎት ማኅበር ሊደርሱበት የሚችሉትን አደጋዎች በአራት ከፍለን ብንመለከታቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

አንደኛው የንብረት ጉዳት ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ የማብሰያ ዕቃና የዕቃ ቤቱ ሕንፃ በእሳትና መብረቅ መድን ሊጠበቁ ይችላሉ። በሌባ የሚወሰደው ዕቃ ግን በእሳት መድን አይሸፈንም፤ ለእርሱ የስርቆት መድን ለብቻው ይገባለታል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳት ነው። መዋጮ ተሰብስቦ ወደ ባንክ ሲወሰድ በመንገድ ሊዘረፍ ይችላል፤ ለዚህ የገንዘብ መድን አለ። ገንዘብ ያዡ ራሱ እምነት ቢያጐድልስ? ለዚህም የታማኝነት ዋስትና የሚባል መድን አለ። ስለዚህ ጉዳይ መናገር ገንዘብ ያዦቻችንን መስደብ ይመስላቸዋል የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሒሳቡ የሚመረመርና ዋስትና ያለው ገንዘብ ያዥ ከሐሜት የዳነ ነው።

ሦስተኛው በሰው አካል ላይ የሚደርሰው ነው። ድንኳን ሲተክል ከመሰላል የሚወድቀው፣ የፈላ ጎላ ሲያወርድ የሚቃጠለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ወጣት ነው። ለእንዲህ ያሉት አገልጋዮች በቡድን የሚገባ የአካል አደጋ መድን አለ፤ ሞት ወይም የአካል መጉደል ሲደርስ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ እንደ ውሉም የሕክምና ወጪን ይሸፍናል። ይህን ከማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጋር ማደናገር አይገባም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ያ ሥርዐት ቤተ ሰብ ሲታመም ለማሳከም የታሰበ ነው፤ ለአካል ጉዳት ካሳ አይሰጥም፤ የእድርም ንብረት አይመለከተውም።

አራተኛው በሌላ ሰው ላይ የምናደርሰው ጉዳት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን እንዲክስ ያዛል፤ በቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ወድቆ መንገደኛ ቢጎዳ፣ «እኛ የነፍስ ሥራ የምንሠራ ድኾች ነን» የሚለው መልስ ከኀላፊነት አያድንም። ለዚህ የሦስተኛ ወገን ኀላፊነት መድን ይገባል። እድሩ አስከሬን የሚያጓጉዝበት መኪና ቢኖረው፣ የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በግዴታ የታዘዘ ነው።

በውሉ ላይ ሊታሰብ የሚገባው

መድን የሚገባ ማኅበር ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ጥቂት ነገሮችን ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያ ውሉ በማን ስም እንደሚሆን ይታሰብበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርን ከወሰኑ ውጭ ትቶታል፤ ስለዚህ እድር በዚያ አዋጅ እንደሚመዘገቡት ድርጅቶች አይታይም። ስለ ሆነም እድሩ የተፈረመ መተዳደሪያ ደንብ፣ የታወቁ ሹማምንትና ያለበት አስተዳደር የሚሰጠው የምዝገባ ማስረጃ ይኑረው። ውሉ በዳኛው ወይም በገንዘብ ያዡ የግል ስም ከተጻፈ፣ ሰውዬው ቢሞት ወይም ቢጣላ የካሳው ነገር ሙግት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የንብረቱ ዋጋ በእውነት ይገለጽ። አረቦን ለማሳነስ ብለው ዋጋውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ራሳቸውን ይጎዳሉ። ለምሳሌ የ400000 ብር ንብረት በ200000 ብር ብቻ መድን ገባ እንበል። ከንብረቱ የ100000 ብር ያህሉ ቢቃጠል፣ ግማሹን ብቻ ስላስገባን የሚከፈለን ግማሹ፣ ማለት 50000 ብር ይሆናል። ዋጋውን ከፍ ማድረግም አይጠቅምም፤ ሕጉ በቁጥር 678 እንደሚለው የንብረት መድን ካሳ ነው፤ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። በመድን መክበር የለም።

ሦስተኛ፣ የተጠየቁትን ሁሉ ሳይደብቁ መመለስ ያስፈልጋል። ዕቃ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ፣ አጠገቡ ምግብ የሚበሰል ከሆነ ይነገር። ሆን ብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል፤ አረቦኑን ከፍሎ በአደጋ ቀን ባዶ እጅ መመለስ ከዚህ ይመጣል።

አራተኛ፣ ውሉ የማይሸፍነውን ነገር በጽሞና ማንበብ ይገባል። ብዙ ጊዜ ጦርነትና ሁከት ከእሳት መድን ውጭ ናቸው፤ ከጉዳቱም የመጀመሪያውን ጥቂት ድርሻ መድን ገቢው እንዲችለው የሚያደርግ ተቀናሽ አለ። አደጋም ሲደርስ ሳይዘገዩ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ግዴታ ነው።

አምስተኛ፣ የንብረቱ ዝርዝርና የአባላቱ መዝገብ ቅጂ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ማስረጃው ከንብረቱ ጋር ከተቃጠለ ካሳ መጠየቅ እጅግ ያስቸግራል። ለመዝገብ ደግሞ ካሳ የለውም፤ እንደ ብራና መጽሐፍና እንደ ጥንታዊ ሥዕል ሁሉ ገንዘብ አይተካውም። ስለዚህ መድን የጥንቃቄ ምትክ አይደለም፤ ፍሙን ማጥፋት ዛሬም የእኛ ሥራ ነው።

«ይህ ሁሉ ስንት ይፈጃል?» የሚል ይኖራል። ለሒሳቡ ትምህርት ያህል፣ የገበያ ዋጋ ባይሆንም፣ መድን ሰጪው ከ1000 ብሩ 3 ብር በዓመት ይጠይቅ እንበል። የ400000 ብር ንብረት አረቦን 1200 ብር ይሆናል፤ 200 አባላት ላሉት እድር በነፍስ ወከፍ በዓመት 6 ብር ይደርሳል። ያ ንብረት ያለ መድን ቢጠፋ ግን እያንዳንዱ አባል 2000 ብር ማውጣት አለበት። እውነተኛው ዋጋ ከዚህ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ፍርዱ አይለወጥም። ከአንድ ኩባንያ በላይ ጠይቆ ማነጻጸርም ይገባል። ጎረቤት የሆኑ እድሮች ተባብረው ቢጠይቁ ደግሞ ተደማጭነታቸው ይጨምራል።

የቀረችው ስም

የእኛ እድር ከእሳቱ በኋላ አዲስ መዝገብ ከፈተ። የባንክ ቤቱ አዛውንት ሐሳብ እንደገና ሲቀርብ የሣቀ አልነበረም፤ መድኑ ተገባ። እኔም በዚያው ጉባኤ ተነሥቼ አራት ጊዜ «ይተላለፍ» ብዬ የጻፍሁትን ለሁሉ ተናገርሁ፤ ከዚያ ወዲህም ስለ አደጋ የቀረበ ሐሳብ ያለ ውሳኔ እንዳይተላለፍ በደንባችን እንዲጻፍ ጠየቅሁ፤ ጉባኤውም ተቀበለው።

የቀሩት ስድስቱ ሰዎች ነገርም ተነሣ። ያለው ከድርሻው በላይ አዋጥቶ የእነርሱ ዕዳ ተሰረዘ። ዜናውን ይዤ ወደዚያች እናት ቤት በሄድሁ ጊዜ፣ እንጨታቸውን አውርደው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው የወሩን መዋጮ ይቀበሉኝ» ብለው ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። እኔም ስማቸውን በአዲሱ መዝገብ ላይ ጻፍሁ። ከስድስቱ ግን አንደኛው ሽማግሌ በመካከሉ ሌላ ሰፈር ሄደው ኖሮ ልናገኛቸው አልቻልንም። የእርሳቸው ቦታ እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ባዶ ነው።

እንግዲህ የዚህ መጽሔት አንባቢ የሆንህ የቤተ ሰብ አባት፣ አንቺም የሴቶች እድር ጸሐፊ የሆንሽ እናት፣ በሚመጣው ስብሰባ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። የእድራችን ንብረት ዛሬ ስንት ያወጣል? ዝርዝሩ ከዕቃ ቤቱ ውጭ በማን ቤት ይገኛል? ዛሬ ሌሊት ቢቃጠል ሁለት ሺሁን ብር መክፈል የማይችለው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ስም የመጣላችሁ እንደ ሆነ፣ ነገሩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አታስተላልፉት።